መኪናዋ የሰጠመችበት መሬት

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አፈር ሲመረምር ኖሮ አንድም ቀን ውሸት ጽፎ አያውቅም። ይህን የሚናገረው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም። የሥራ ባልደረቦቹ «ሊቀ አፈር» ይሉታል፤ እሱ የሚያሞግሱት ይመስለዋል።

እርግጥ አፈሩን ያውቀዋል። ጭብጥ አድርጎ በመዳፉ ያሸዋል፣ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጎ በጣቶቹ መሐል እንደ ክር ያድቦለብለዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ የላቦራቶሪው ምድጃ ገና ሳይሞቅ ውጤቱን ይናገራል። አይስትም። ክፋቱ ይህ ዕውቀት ከሥራ ሰዓት በኋላም አይለቀውም። ሰው ቤት ሲገባ ጤና ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት ግድግዳውን ነው የሚያየው። የሥራ አስኪያጁ እናት የሞቱ ጊዜ ሐዘንተኛው ሁሉ አቀርቅሮ ሳለ እሱ አንጋጦ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና «ይቺ ስንጥቅ ወደ ማእድ ቤቱ እየሄደች ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚጠራው ሰው ቀንሷል።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ከታላቅ እህቱ ጋር በኪራይ ሁለት ክፍል ውስጥ ይኖራል። እሱ እትዬ ይላታል፤ ሠፈሩም እሱን ተከትሎ እትዬ ይላታል፤ እኛም እንበላት። አርባ ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሲዋሽ በያዘችው ቁጥር ጆሮውን ጠምዘዝ ታደርግለት ነበር፤ ለዚህም ይመስላል ጆሮዎቹ ዛሬም ወጣ ወጣ ያሉት። እትዬ በሕይወቷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። አከራይ ሳያንኳኳ ዘው የማይልበት ቤት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የሪል ስቴት ባለቤት መቶ አርባ ቤት ሊሠራ ተዳፋት መሬት ገዛ። ላይኛው ክፍል ድንጋይ ነው። ታችኛው ግን በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት፣ በዝናብ ደግሞ አብጦ የሚነሣ ጥቁር አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር ቤትን በዓመት አንዴ ያነሣዋል፣ አንዴ ያወርደዋል፤ ቤት ደግሞ ይህን አይወድም፣ ይሰነጠቃል። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መሬቱ እየተበሳ ናሙና የሚወሰደውም ለዚሁ ነው። ሥራው ለሊቀ አፈር መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ በዕቅዱ ላይ ስምንት ቀዳዳ ተመድቧል፣ አራት ከላይ፣ አራት ከታች።

የመሥሪያ ቤቱ የመቆፈሪያ መኪና ከሊቀ አፈር ጋር በአንድ ዓመት ሥራ የጀመረች ናት፤ ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል። የላይኞቹን አራት ቀዳዳዎች በአንድ ቀን ጨረሰቻቸው፤ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ሁሉም ድንጋይ ሆነ። በማግስቱ ወደ ታች ወረደች። ዋዜማውን ዘንቦ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄደች የፊት ጎማዎቿ ገቡ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጣት የኋላዎቹም ገቡ፣ ቀጥሎ ሆዷ መሬት ነካ። ሹፌሩ በሩ አልከፈት ብሎት በመስኮት ወጣ። ከማዶ ትራክተር ተለምኖ መጣ፣ ገመድ ተበጠሰ፣ ሌላ ገመድ መጣ፣ ትራክተሩም ራሱ እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረውም። መኪናዋን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ደወለ።

«ስንት ቀዳዳ ቀራችሁ?»

«አራት። የታችኞቹ። ግን መኪናዋ እዚያ አትገባም።»

«ታዲያ በምትገባበት ቆፍሩዋ! ውሉ ስምንት ነው የሚለው፤ ስምንት ቆፍራችሁ ኑ።»

ቆፈሩ። አራቱንም ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሹፌሩ ምሳውን ከሚበላበት ጥላ አጠገብ። አራቱም ድንጋይ ወጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዲት አሮጌ መኪና መሸከም አቅቶት ሁለት ቀን ያስለቀሰ መሬት ነው፣ መኪናዋን መሸከም ስላቃተው ብቻ ሳይመረመር ያለፈው። አሁን ሰባ ቤት ሊጫንበት ነው።

ሊቀ አፈር ግን አፈር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ከመኪናዋ ጎማ ላይ አንድ ጓል ፈልፍሎ በፌስታል ይዞ ተመለሰ። አደረቀው፣ ፈጨው፣ ነፋው፣ በመለኪያ ብርጭቆ እስከ አሥር መስመር ጨምሮ ውኃ ሞላበት። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ቢያይ አፈሩ አብጦ ሃያ ሁለት ላይ ደርሷል። ጣቱን ብርጭቆው ላይ እያስኬደ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ አፈሩን ደፋ፣ ብርጭቆውን አጠበ፣ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ማንም ያላዘዘው ምርመራ ነዋ፤ በእሱ ቤት ያልታዘዘ ቁጥር ቁጥር አይደለም።

ሪፖርቱ ሲዘጋጅ ሥራ አስኪያጁ ስምንቱን ነጥቦች ካርታው ላይ እንደ ዕቅዱ በተን በተን አድርጎ እንዲያስቀምጣቸው ጠየቀው። ሊቀ አፈር ጠረጴዛ መትቶ ተነሣ። «እኔ ውሸት አልጽፍም!» አለ። ነጥቦቹን በእውነተኛ ቦታቸው አኖራቸው። ስምንቱም ማር እንዳገኘ ዝንብ ላይኛው ጥግ ላይ ተጠጋግተው ታችኛው ግማሽ ነጭ ሆኖ ቀረ። ገጽ አርባ ሰባት ላይ ደግሞ «የታችኛው ክፍል ተጨማሪ ምርመራ ቢደረግበት መልካም ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመረ። ይቺ ዓረፍተ ነገር በሙያው ውስጥ የታወቀች ናት። ቤት ሲፈርስ «ብለን ነበር» ለማለት ትጠቅማለች፤ ቤቱ እንዳይፈርስ ግን ማንንም አታስቸግርም። ሥራ አስኪያጁም አየት አደረጋትና «እሷ ትኑር፣ የትም አለች» አለ። ሰው በሚያነብበት በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የተመረመረው መሬት ለግንባታ ተስማሚ ነው» ተባለ። እውነት ነው፣ የተመረመረው ተስማሚ ነው። ሊቀ አፈር ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ውሸት የለማ!

በሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ እየበሉ እትዬ ሳህኖቹን ገፋ ገፋ አደረገችና አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋች። ፊቷ በርቷል።

«ወንድማለም፣ ቤት ልንገዛ ነው።»

«የት?»

«አንተ የመረመርከው መሬት ላይ ነዋ! ማስታወቂያው ላይ የመሥሪያ ቤትህን ስም ሳየው ሌላ ምን ላጣራ? ወንድሜ የረገጠው ነው አልኩና ተመዘገብኩ። እንዳልነግርህ ስንት ቀን አፌን ይዤ! የዛሬ ወር ውሉን እንፈርማለን፣ በሁለታችን ስም።»

ጣቷ ከወረቀቱ ታችኛው ግማሽ ላይ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሁለተኛው ቤት ላይ አረፈ። ሊቀ አፈር ውኃ ቀዳ።

«ከላይኞቹ ቢሆን አይሻልም?» አለ፣ ውኃ ጠጥቶ ሲያበቃ።

«ለምን?»

«ለ… ለነፋሱ።»

«አንተ የአፈር መርማሪ ነህ የነፋስ?»

ወሩን ሙሉ ዙሪያውን ሲዞር ከረመ። ትንኝ አለ አላት፤ አጎበር እንገዛለን አለች። ዳገቱ ለጉልበትሽ አይሆንም አላት፤ አንተ ትደግፈኛለህ አለች። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጠበኞች ናቸው ብሎም ሞከረ። «ገና አንድም ሰው ሳይገባ?» ብላ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በኋላ ስለ ጎረቤት አላነሣም።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። መኪናችን እዚያ ሰጥማለች ቢላት ነገሩ ያልቃል። ግን እሷን ከተናገረ ሃያ ስድስት ዓመት በየደረሰበት የለፈፈው «ውሸት አልጽፍም» አፈር ድሜ ሊበላ ነው፤ ያንን የምትሰማው ደግሞ ከሰው ሁሉ እትዬ። ፈራ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ ጆሮውን የምትይዘው መሰለው። እህቱ እሱን አምና የዕድሜ ልክ ጥሪቷን ልታፈስ፣ በስተርጅናዋ አንዴ የራሴ የምትለው ቤት ልትገባ፣ ቤቱም ሦስት ክረምት ሳይሻገር ሊሰነጠቅ፣ እሱ ስለ ትንኝ ያወራል። ያሳፍራል፤ ሌላ ቃል የለውም።

እትዬ ደግሞ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ ፋብሪካው አድራሻ ድረስ የምታነብ ሴት ናት። ሽያጭ ቢሮ ሄዳ የአፈሩን ሪፖርት አምጡ አለች። እስከዚያ ቀን የጠየቀ ገዢ ስላልነበረ ጸሐፊዋ ፈልጋ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀባት። እትዬ ወረቀቱን ይዛ መጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ ተቀመጠች። ሊቀ አፈር በማግስቱ ሥራ ሊሄድ ሲል ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እስክሪብቶው መሐሉ ገብቶ። ከፈተው። ገጽ አርባ ሰባት። የተሰመረበት ነገር የለም። እትዬም በዚያን ዕለት ሆነ ከዚያ ወዲያ ባሉት ሁለት ሳምንታት ስለ ሪፖርቱ ምንም አላነሣችም። እሱም ተርፌያለሁ ብሎ ተነፈሰ።

የፊርማው ዕለት አዳራሹ ፊኛ በፊኛ ሆኗል። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰዋል። የሪል ስቴቱ ባለቤት ዐይኑን በጨው አጥቦ መድረክ ላይ ወጣና «የመሬታችን ሐኪም እነሆ!» ብሎ ሊቀ አፈርን አስነሣው። «መሬቱ… ተመርምሯል» አለ ሊቀ አፈር። ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሳይበርድ እትዬ እጇን አወጣች።

«ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ» አለች። «ገጽ አርባ ሰባት ላይ የታችኛው ክፍል ተጨማሪ ምርመራ ቢደረግበት መልካም ነው ይላል። ተደረገበት?»

ባለቤቱ ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ ሊቀ አፈርን አየ። ሊቀ አፈር የሚያየው ሰው አጣ።

«እሱ የተለመደ አባባል ነው» አለ።

እትዬ አመስግና ተቀመጠች። ተራቸው ሲደርስ አብረው ወደ ፊርማው ጠረጴዛ ሄዱ። ውሉን ከሽያጭ ሠራተኛዋ ተቀብላ ወደ እሱ ገፋችው።

«የሁለታችን ቤት ነው፤ አንተ ቅደም።»

ሊቀ አፈር እስክሪብቶውን አነሣ። ወረቀቱ ላይ አሳረፈው፣ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«አልጽፍ አለኝ» አለ።

ሠራተኛዋ ሌላ ሰጠችው። «ይሄም» አለ። ሦስተኛ አመጣች፤ መዳፏ ላይ ጫር ጫር አድርጋ «ኧረ ይጽፋል እኮ፣ አባባ» አለችው በትሕትና። ከኋላ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀምረው ነበር፤ አንዱ «ይሄ መርማሪው ራሱ አይደለም እንዴ?» ሲል ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ምን አለ እዚያ?» አለች እትዬ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ጥቁር አፈር። ውኃ ሲነካው ከእጥፍ በላይ ያብጣል። በብርጭቆ አይቼዋለሁ።»

«ለኔ አይደለም። ዞር በልና ለእነሱ ንገር።»

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ ክንዱን ያዘው። «አፈር ስሆን፣ ተው!» አለው። ለአፈር መርማሪ የሚስማማ ልመና ነበር፣ ግን ዘገየ። ሊቀ አፈር ዞረ። መኪናዋን ነገራቸው፣ ትራክተሩን ነገራቸው፣ ስምንቱም ቀዳዳ ከላይ መቆፈሩን ነገራቸው። ባለቤቱ ሙዚቃ አስከፈተ። የታችኛው ረድፍ ገዢዎች ተነሥተው ጮኹ፣ ወረቀት ተቀደደ። የላይኛው ረድፍ ገዢዎች ግን ሰው ሳይሻማቸው በጎን እየተሹለከለኩ ቶሎ ቶሎ ፈረሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ እንደሌለው ያውቃል፤ የከበደው እሱ አልነበረም።

«እትዬ፣ ቀድሞ ገብቶሽ ነበር?»

«ገጽ አርባ ሰባትን ያነበብኩ ቀን። ካርታው ላይም ከታች ነጥብ የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩህ።»

አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አለፈ። እትዬ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች።

«ማእድ ቤቱ በምሥራቅ በኩል ነበር» አለች። «ጠዋት ፀሐይ ይገባ ነበር።»

ከዚያ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እንባ ያልወጣት ሴት መሐረቧን አውጥታ፣ እዚያው መንገደኛው መሐል አለቀሰች።