ዙራካን ያልሰማችው መርዶ

በእኛ ሸለቆ ሰው ሲሞት ከሼኹም ቀድማ የምትጠራው ዙራካን ናት። ሼኹ ለጸሎትና ለቀብር ነው፤ ሰውን የሚያስለቅሰው የእሷ አፍ ነው። ወጣት ሳለች የመንግሥት እርሻ የበግ ጠጉር ሸላች ነበረች፤ እርሻው ሲፈርስ የመንደራችን ክሊኒክ ጽዳት ሆነች፤ ከዚያም ጡረታ ወጣች። ሙሾ ግን ሥራዋ ሆኖ አያውቅም። ማንም አልቀጠራትም፣ ማንምም ሊያሰናብታት አይችልም። ልጅ ሆና አባቷ ሲሞት ከትልልቆቹ ሴቶች መሃል ገብታ አንድ ግጥም አወረደች፤ ከዚያ ወዲህ የሸለቆው ሬሳ ሁሉ የእሷ ሆኖ ቀረ።

ለሟች በሚተከለው የሱፍ ድንኳን ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ትቀመጣለች። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ሠርግ ላይ ቢሆን ማንም አያጨበጭብላትም። ሙሾ ስታወርድ ግን ሟቹ እንዴት እንደሚያስነጥስ፣ ፈረሱን ምን እያለ እንደሚሳደብ ሳይቀር ታመጣዋለች። አንድ ጊዜ ሀገር የጠላውን ቆንቋና ስትሸኝ፣ ሥጋ ሊበሉ የመጡት ሁሉ ሲነፋረቁ አይቻለሁ። እኔም አብሬ አልቅሼ፣ ቤቴ ስገባ በራሴ በገንኩ። ግጦሻችንን የነጠቀን ሰውዬ ነበራ!

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምታውቀውም እሷ ናት። በእኛ ዘንድ ሞት በመንገድ ላይ አይነገርም። ጎረቤት ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ ባለሐዘኑ ብቻ አያውቅም። ቤት አስገብተው ያስቀምጡታል፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይይዘዋል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይነግረዋል። አንድ ጎረምሳ ለእህቱ የአባታቸውን ሞት በስልክ ነግሯት፣ ሴትዮዋ ገበያ መሃል የሚደግፋት አጥታ ወድቃ ጥርሷ ረገፈ። ዙራካን ያንን ጎረምሳ በሰው ፊት በጥፊ አጮለችው። «ሐዘን ሰው እቅፍ ውስጥ ነው የሚጣለው፤ መንገድ ላይ የሚጣል ቆሻሻ ነው!» አለችው።

ባለፈው ጥር ዙራካን ከተራራው ማዶ፣ ኮችኮር፣ ለሞተች የሩቅ ዘመዷ ልታለቅስ ሄዳ ሰነበተች። እኔም ያገባች ልጄን ልጠይቅ እዚያው ነበርኩ። ልመለስ በጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ሾፌራችን ኤሴንጉል ከሚኒባሱ ጎን ስልኩን ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ ሚስትህ ተመልሳ መጣችብህ እንዴ?» አልኩት። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች፤ የእኔም ምላስ አያርፍም።

«እትዬ ቡሩልቻ፣ ተይኝ ዛሬስ» አለኝ። «አክማት ሞተ። የዙራካን አክማት።»

አክማት አንድ ልጇ ነው። የበረዶውን ክረምት ከተራራው ሥር ካለው የበጎች ማደሪያ ይከርማል። ሌሊት ከገደሉ አፋፍ በረዶ ተንዶ እሱንም በጎቹንም ውጧቸው፣ ጎህ ሲቀድ በአካፋ ቆፍረው አወጡት። ይህንን ሁሉ ኤሴንጉል በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

አባባ ሶሮንባይም እዚያው ነበሩ፤ ዓይናቸውን ታክመው የሚመለሱ። በመንደራችን መርዶ የሚናገሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። «ቤቷ እስክትደርስ ከማንም አፍ አትሰማም» አሉ። «ቡሩልቻ፣ አጠገቧ ተቀመጪ። ስልኳንም ሰበብ ፈልገሽ ውሰጂ።»

«እኔ? እንዴ አባባ! እኔን ዝም በይ ከማለት በወንፊት ውሃ መቅዳት ይሻላል!»

«ሌላ ሴት የለማ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከእኛ ሌላ የነበሩት ለፈቃድ የሚሄዱ ሁለት ወታደሮችና አንድ የድንች ነጋዴ ናቸው።

ዙራካን ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ስላለቀሰች የሰጧትን ሻርፕ በብብቷ ይዛ መጣች። ስልኬ ባትሪ ጨረሰ ብዬ ስልኳን ለመንኳት። ሰጠችኝ። አጠፋሁትና ከጡቴ ሥር ከተትኩት። ኤሴንጉል መሪውን ይዞ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ፊታችንን ዳበስን፣ መንገዱን አላህ እንዲያቃናልን። ያን ቀን አላህም በረዶ ጥሎበት ነበር መሰል፣ አልሰማንም።

ወደ ዶሎን የተራራ መተላለፊያ ስንወጣ ሰማዩና መሬቱ አንድ ሆነ። ከአናቱ ትንሽ ሲቀረን ቆምን። ከፊታችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ ከኋላችን የመጣንበት የጎማ ዱካ ወዲያው ተደፈነ። በረዶ ጠራጊው መኪና ከማዶ በኩል ይመጣል ተባለ። መቼ? እሱን የሚያውቅ የለም። ስልክም አይሠራም። ኤሴንጉል ነዳጁ እንዳያልቅ ሞተሩን ያጠፋል፣ ስንንቀጠቀጥ ያስነሳል፣ ደግሞ ያጠፋል። መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ሠራ።

ያጋለጠን ደግነታችን ነው። ኤሴንጉል ሌላ ጊዜ ዙራካንን ሳይነካካት አያድርም፤ «እትዬ፣ በቁሜ አንዴ አልቅሺልኝና ልስማው፣ ከሞትኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» ይላታል። ያን ቀን ዓይኗን እንኳ አላየም። አንዱ ወታደር ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣለላት። የድንች ነጋዴው፣ ያ ስስታም፣ ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳላት። እኔ ደግሞ ልጄ የቋጠረችልኝን ጥብስ ሊጥ በሙሉ ጭኗ ላይ ዘረገፍኩት።

ዙራካን ሻዩን ሳትቀምስ ያዘችው። አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቡሩልቻ።»

«አቤት።»

«ከኮችኮር ጀምሮ ማንንም አላማሽም።»

«ብርዱ ነው እቴ፣ አፌን ያዘኝ።»

«ብርድ አንቺን? የአማችሽ ቀብር ላይ እንኳ ጎረቤት ስታሚ ነበር። አንቺ ዝም ካልሽ ሰው ሞቷል።» ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «የእኔ ሰው ነው። ማን ነው?»

ኤሴንጉል ቶሎ ሞተሩን አስነሳ።

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ» አሉ አባባ ሶሮንባይ። «በረዶው ነው ሰዉን ያሳሰበው።»

«አባባ፣ ይህን አነጋገር እኮ እኔ ነኝ ያስጠናኋችሁ!» አለችና ብድግ ብላ በሩን ያዘች። «በእግሬ እሄዳለሁ። ልቀቁኝ!»

ወታደሮቹ ያዟት። በሩ ሲከፈት በረዶው እስከ ወገብ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ካልሲዋ እስኪበሰብስ ታግላ ስታበቃ ጎትተው አስቀመጧት። ከዚያ ነው መለመን የጀመረችው። ዙራካን ስትለምን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ምነው ባላየሁ።

«እናቴ ናት? አልጋ ላይ ከዋለች ስንት ዘመኗ፣ እሷ ከሆነች ንገሩኝ፣ አልወድቅም። ወንድሜ ጁማሽ ነው? ልቡ ደካማ ነው፣ መጠጡንም አይተውም… ባሌ ነው? ቡሩልቻ፣ አብረን ነው ያደግነው። ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ።»

እኔ መስኮቱን አየሁ። መስኮቱ ነጭ ነው፣ የሚታይ የለውም፤ ቢሆንም እሱኑ አየሁ።

«እናቴ ብትሆን…» አለች፤ ድምጿ ወረደ። «እናቴ ብትሆን ይሻለኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እናቴ ትሁን።»

ኤሴንጉል መቻል አቃተው። «አባባ፣ ሰው ነን! እዚሁ ይንገሯትና ይገላግሏት!»

«ማን ይይዛታል?» አሉ ሽማግሌው። «እናቷ የለች፣ ባሏ የለ፣ ቤቷ የለ። ማገዶ እንኳ የለንም። እዚህ ነግሬያት ወጥታ በረዶው ውስጥ ብትቀር ለዘመዶቿ ምን እላለሁ?»

እውነት አላቸው። ያናደደኝም እሱ ነው። ይህን ወግ ያወጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዶሎን ላይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ከእናት ጎን ተቀምጦ አያውቅም። ወጉን ረገምኩት፣ በልቤ። በአፌ ግን አንድ ቃል አላወጣሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

ዙራካን የወታደሩን ካፖርት ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። የተወችው መሰለን። የድንች ነጋዴው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ኮቱ ውስጥ ተሸጎጠ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ማዞር ሲገባት ወደ እኛ አዞረችው፤ ጀርባዋን ለበረዶው ሰጠች። ሙሾ ጀመረች።

«ሰማንያ ክረምት ያየሽው እናቴ፣
ጥርስሽ ቢረግፍም ሳቅሽ ነበር ሀብቴ…»

ስታወርድ ዓይኗን አልጨፈነችም። እያየችን ነው። እኔ በመጀመሪያ አልገባኝም፤ ሙሾው ያምራልና እንደ ልማዴ አዳመጥኩት። አባባ ሶሮንባይም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አሮጊቷን በደንብ ያውቋታል። ወታደሮቹ ጆሮ ሰጥተው ቁጭ አሉ። የሁላችንም ፊት እንደ ወትሮው ነበር።

ዙራካን ያንን አየችና ሙሾውን ከመሃል ቆረጠችው። የሞተችው እናቷ አይደለችም። ቀጠለች፦

«ስትመጣም ሰክረህ፣ ስትሄድም ሰክረህ፣
ዛሬስ ወዴት ወጣህ ባርኔጣህን ትተህ?»

የጁማሽ ነገር ሆኖብን ኤሴንጉል ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። እሷ ግን ይህንንም አየች። ፈገግታ ያለበት ፊት የሞተ ሰው አይደብቅም። ያኔ ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ። «ዙራካን፣ ተይ! በአላህ ተይ!» ልላት ነበር። ብላት እኮ መናገሬ ነው። አፌን ዘጋሁት።

ትንፋሿን ስባ ያዘችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን እምቢ አላት። እንደገና ሞከረች።

«አክማትዬ…»

ግጥሙን አልጨረሰችውም። እጄ ሄዶ እጇን ይዞ ነበር። ቃሌን ጠብቄ፣ ምላሴን አስሬ፣ እጄ ከዳኝ። ኤሴንጉል ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶታል።

እጇ በእጄ ውስጥ እንጨት ሆነ። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። አፏን ከፍታ አየር ብቻ አወጣች፣ ደጋግማ፣ ላም ስትወልድ እንደምታደርገው። አቅፌ ያዝኳት። እንዴት ሞተ፣ የት፣ መቼ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀችም። ብዙ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ አለች፣ ለሁላችንም።

«ማንም አልነገረኝም። ሰማችሁ? ስንወርድ ማንም ምንም አልነገረኝም።»

በረዶ ጠራጊው የመጣው ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው። ያንን ሁሉ ሰዓት ልጇ መሞቱን አውቃ፣ እንዴት እንደሞተ ሳታውቅ፣ እያንዳንዱን ሞት ለብቻዋ በልቧ እየሞከረች ተቀምጣለች። አንድ ቃል ብነግራት ምን ነበረበት? ብነግራት ደግሞ ምን ይቀንስላት ነበር?

መንደር ስንደርስ ወደ ቤቷ አልወሰድናትም፤ በግቢዋ የሱፍ ድንኳኑ ተተክሏልና ታየዋለች። እንደ ወጉ መጀመሪያ የባሏ ወንድም ቤት ገባች። ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር፣ ምንም እንዳልሆነ «ብርዱ እንዴት ነበር?» እያሉ። እሷም «ደህና ነበር» አለች። አስቀመጧት። ጁማሽ በግራ፣ አክስቷ በቀኝ ያዟት። አባባ ሶሮንባይ ፊት ለፊቷ በርከክ ብለው ጀመሩ።

«ልጄ ዙራካን፣ የበራ እሳት ይጠፋል፣ የተወለደ…»

እዚያ ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሉት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ዶሎን ላይ ያዩትን ፊት እያዩ ማለት አቃታቸው። ጢማቸው በእንባ ራሰ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አያለሁ።

ዙራካን ቀና ብላ አየቻቸው። ልጅን እንደምታባብል እናት ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«ይቀጥሉ አባባ» አለቻቸው። «ገና አልሰማሁም እኮ።»

እሳቸውም ነገሯት። ያኔ ጮኸች።