ሳቅ እንቢ ያላት ልጅ

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሱቅ ታፔላ በብሩሽ ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀምጠው ለመዋዕለ ሕፃናት በር የምትስቅ የካርቱን ልጅ በኮምፒውተር ስለው እስከ ምሳ ካላደረሱ፣ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እሳቸው ግን ማውሱን እንደ ብሩሽ በሦስት ጣት ይዘው ከጠረጴዛው ያነሱታል።

«አባባ፣ አያንሱት አልኩ እኮ! ከተነሳ አይስልም» አለች የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው እየመለሰች።

«ተጭኖ የሚስል ግድግዳ ቀቢ ነው!» አሉ ሽማግሌው።

ክቡ ራስና ሁለቱ ዓይኖች ደህና ወጡ። የአፏን መስመር ይዘው በጎተቱ ቁጥር ግን ከንፈሯ ቁልቁል ይወርዳል።

«አሁንም አኮረፍሽ?» ብለው ስክሪኑ ላይ ጮኹ። ከዚያ የቀለም ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጉንጯን ጠረጉላት። «በቃ ልጄ፣ አልቆጣሽም። ብቻ አንዴ ሳቂልኝ።»

ሴትዮዋ ሰዓቱን አየት አድርጋ፣ «እስከ ነገ ይሁን፣ አባባ» አለች።