አይገደድም

የዓሣ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ሰው እንዲህ ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ምክንያቱን አያውቁማ!

ያኔ በአንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ነበርኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት አዲስ ቀን እየለጠፈ እንደሚሸጥ የነገሩኝ እዚያው የሚሠሩ ነርስ ናቸው። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ ታቦር ሰፈር ሦስት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ሲስተር እያልኩ ነው የምጠራቸው።

ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ «ልጄ፣ ስሜ ይወጣል?» አሉኝ።

«አይወጣም ሲስተር። ሕግ አለ። ጋዜጠኛ የመረጃ ምንጩን እንዲናገር አይገደድም። ፍርድ ቤት ካላዘዘኝ በቀር ማንም አይነካኝም» አልኳቸው።

«አይገደድም» አሉ ለራሳቸው። «እንግዲህ ጌታ ይርዳህ።»

ዘገባው ተላለፈ። ስማቸውም ድምፃቸውም የለበትም። ማንነታቸውን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ዋና አዘጋጃችን ብቻ ነበር፤ ምንጩን ሳያውቅ ምንም ነገር አያሳልፍም፣ የቤቱ ደንብ ነው። እሱ ደግሞ በየስብሰባው ስለ ፕሬስ ነጻነት ሲናገር ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የክሊኒኩ ባለቤት ሲስተርን ጠርቶ፣ «ለሬዲዮ ያወራሽው አንቺ ነሽ» አላቸው። ጋውናቸውን አስወልቆ አባረራቸው። ይህን እንደሰማሁ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሮጥኩ።

«ማን ነገረው?»

«እኔ ነኛ» አለ፣ በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ። «እሁድ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን በጨዋታ መሃል ጠየቀኝ። የቆየ ወዳጄ እኮ ነው።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉ አይገደድም ነው የሚለው። እኔን ማን አስገደደኝ?» ብሎ ሳቀ።

አንገሸገሸኝ። ዱላ ፈርቶ ቢሆን ባዘንኩለት። ታስሮ፣ ተገርፎ ተናግሮ ቢሆን ስንቅ ባመላለስኩለት። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ዱላውን እንጂ ምሳውን አላሰቡትም። ይሄ ከርሳም የሦስት ልጆች እናትን እንጀራ ከዳጣው ጋር አጥቅሶ ዋጠው። እዚያ ሐይቁ ዳር ቆመው ፍርፋሪ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ይሻሉታል፤ እነሱ የሚበሉት የተጣለላቸውን ነው።

ባጃጅ ይዤ ታቦር ወጣሁ። ሲስተር ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሡ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ክንዴን ያዙና እጅጌዬን ሰብስበው ያገላብጡኝ ጀመር።

«የት የት መቱህ?»

«ማንም አልመታኝም ሲስተር።»

«አትደብቀኝ ልጄ። አልገደድም ብለኸኝ አልነበር? አስገድደውህ ባይሆን ስሜን አትናገርም ነበር። አልተቀየምኩህም፣ አይዞህ።»

ዝም ብል ለሁለታችንም ይቀል ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አዘጋጁን፣ እሁዱን፣ ዓሣውን፣ ጨዋታውን።

ክንዴን ለቀቁት።

«ዓሣ እየበሉ?» አሉ።