በር የማትዘጋዋ ልጅ

የልብስ ሰፊው ልጅ በር አትዘጋም። የቤቱን አትዘጋ፣ የቁም ሳጥኑን አትዘጋ። ትምህርት ቤት እንኳ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ነፋሱ የሰውን ደብተር ሲያገላብጥ እሷ እቴ፣ ንቅንቅ የለም። "አንቺ ልጅ፣ ጭራሽ ውጭ ቀርቶብሽ ነው?" ይሏታል አስተማሪው። ክፍሉ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ጥርስ ባዳ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በር መዝጋት የተወችው ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ነው።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ አዝራር ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው። ድቡልቡል ያለ፣ ከስፌት መኪናው ሥር የማይጠፋ፣ የወደቀ አዝራር እየለቀመ በቆርቆሮ የሚያጠራቅም የሰባት ዓመት ልጅ። አባትየውም ያኔ ቀልደኛ ነበር። ደንበኛ "ሱሪው ጠበበኝ" ብሎ ሲመጣ "ሱሪውስ እንዳለ ነው ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት የሰፉት" ይል ነበር። አሁን ጠበበኝ ሲሉት ዝም ብሎ ይተረትራል።

የሆነው እንዲህ ነው። መብራት የጠፋበት ቀን ነበር። የተማሪዎች ዩኒፎርም ተሰፍቶ ተቆልሏል፣ መተኮስ አለበት። አባት የድሮውን የከሰል ካውያ ከመደርደሪያ አውርዶ ሲተኩስ ዋለ። ጨርሶ ልብሱን ሊያደርስ ሲወጣ "ካውያውን ውጭ አውጪና ከሰሉን ድፊው" አላት ልጅቷን። እናት ምግብ ቤት ነው የምትሠራው፣ የምትገባው አመሻሽ ላይ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ኮሌታ ስትሰፋ ነበር፤ አዝራር ግን ጉንፋን ይዞት ቤት ቀርቷል፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው መስኮት በሌላት ክፍል፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ በተጠቀጠቀበት ፍራሽ ላይ ተኝቷል። እህቱ ካውያውን አንጠልጥላ ስታልፍ ቀና አለና "እትዬ፣ በርዶኛል፣ እሱን ተይልኝ" አላት።

ካውያው አይጨስም፣ ቀይ ፍም ብቻ ነው። የሚጨስ ከሰል ሰው እንደሚገድል ማንም ያውቃል። ፍም የሆነውን ግን እነሱ ሲተኩሱበት ነው የሚውሉት፣ ማን ሞተ? ሱቁ በሩ ወለል ብሎ ስለሚውል ነው እንጂ! ይህን ደግሞ ማን አስቦት። የካውያውን ክዳን ከፈተችለት፣ ወደ እግሩ ጠጋ አደረገችለት፣ ብርድ እንዳይገባበትም በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። እስቲ ፍረዱ፣ እዚህ ውስጥ ክፋቱ የት ላይ ነው? ከዚያ ወደ ሱቁ ወጥታ ኮሌታ መስፋቷን ቀጠለች።

አባት ተመልሶ ልጁን ሊያይ ገባ። አዝራር አልነቃም።

ያን ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እናት "ከሰሉን ማነው እዚያ የተወው?" ብላ ስትጮህ ልጅቷ አፏን ከፈተች። አባት ቀደማት። "እኔ ነኝ፣ ረሳሁት። እሷ አልነበረችም፣ ክር እንድትገዛ ልኬያት ነበር" አለ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ልጅቷ አፏን መልሳ ገጠመች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል፤ እነሱ ቤት ነቀዘ። እናት ለባሏ ምግቡን ታቀርብለትና ፊቷን ታዞራለች፣ አንድ ቃል አታወጣለትም። አባት ካውያ የሚባል ነገር መንካት ትቷል፣ የኤሌክትሪኩንም ጭምር። ደንበኛው "ጥጃ ያኘከው አስመስለህ ሰጠኸኝ እኮ" እያለ ይነጫነጫል። እናትን ግን ከሁሉ የሚያንገበግባት ሌላ ነው። "ልጄ ብቻውን፣ ድምፁን የሚሰማው ሰው አጥቶ ሄደ። እማዬ ሳይል፣ እትዬ ሳይል" ትላለች። ልብስ ስታጥብ ትለዋለች፣ ሰው ሰላም ሲላት ትለዋለች። ልጅቷ ትሰማለች። የወንድሟ የመጨረሻ ቃል እሷ ዘንድ ነው ያለው። ብትናገረው እዚያ እንደነበረች ይወጣል፤ ባትናገረው እናቷ ዓይኗ እያየ ታልቃለች።

አዝራር ራሱ መቼ ተዋት! ስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ እንደ ድሮው ከሥር ሆኖ ፔዳሉን በእጁ የሚገፋው ይመስላታል። እግሯን ታነሳለች፤ ፔዳሉ ትንሽ ይወዛወዝና ይቆማል። የልብስ አዝራር ወለሉ ላይ ሲንከባለል ትሰማለች፤ ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች፣ የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ፣ ከጀርባ ክፍል "እትዬ፣ በሩ" ይላታል። ዝጊው ማለቱ ይሁን ክፈቺው አይነግራትም። እሷም ያገኘችውን በር ሁሉ ትከፍታለች።

አንድ ጊዜ አባቷን "አባዬ፣ እኔ ልንገራት" ብላው ነበር። "አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርም" አለና መቀሱን አነሳ።

አንድ እሑድ ጠዋት እናት ሻንጣ አወረደች። "ልጄን ከፈጀብኝ ሰው ጋር ከእንግዲህ አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም። እህቴ ጋ ነን። ልብስሽን ክተቺ" አለቻት። ልብሱ ተከተተ፣ ዚፑ ግን አልዘጋ አለ። እናት እየጎተተች እልህ ተያያዘችው። ይሄኔ አባት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ፣ ተንበረከከ፣ የዚፑን ጥርስ በደረቅ ሳሙና አሸት አሸት አደረገና፣ ሚስቱ ጥላው የምትሄድበትን ሻንጣ ቀስ ብሎ ይዘጋላት ጀመር።

ልጅቷ ይህን መቻል አቃታት።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" አለች።

"ዝም በይ!" አለ አባት፣ ከሻንጣው ቀና ሳይል።

"ዝም አልልም! እሱ ድፊው ብሎኝ ነበር። አዝራር በርዶኛል ሲለኝ አሳዘነኝ። እግሩ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። አባዬ ምንም አላደረገም።"

እናት መጣችባት። ልጅቷ ጥፊውን ስትጠብቅ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊ አልመጣም፤ ሁለት እጆች ትከሻዋን ጨመደዱት።

"አጠገቡ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ተናገረ? ልጄ የተናገረው ነገር አለ?"

"አለ። በሩን ስዘጋ፣ 'አሁን ሞቀኝ። እማዬ ስትመጣ ቀስቅሺኝ፣ እሺ እትዬ?' አለኝ።"

እናት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የልጅቷን ትከሻ አልለቀቀችምና ልጅቷም አብራት ወረደች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያ ሁሉ ጊዜ ደርቆ የከረመ ዓይን ሳያቋርጥ ፈሰሰ። ይቅር ልበል አልበል የሚለው ሐሳብ ያን ጠዋት የእናትየውን ደጃፍ አልረገጠም።

"ድገሚልኝ" አለቻት።

ደገመችላት።

ልብስ ሰፊው ዚፑን ግማሽ ላይ እንደያዘ ተንበርክኮ ቀርቶ ነበር። ይህን ቃል እሱም ከዚያ ቀን በፊት አልሰማውም። ሚስቱ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ቀስቅሱኝ ብሎ ነበር እኮ፣ ሰማህ?" አለችው። ከዚያ ለልጅቷ፦ "ንገሪን እስቲ እንደገና። አባትሽም በደንብ ይስማ።"