ለእንግዳ የተቀዳ ውሃ

ሳጂድን የማያውቅ የኮኪት ሰው የለም፤ ቤቱን የሚያውቅ ግን ዛሬ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከከተማው ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር፣ ወንዙ ዳር፣ ከሃያ ሁለት ጎጆ የተረፈች አንዲት ጎጆ አለች። እዚያ ብቻውን ይኖራል።

ሳጂድ ጉሙዝ ነው፤ ማር ቆራጭ። እኔ ታንጉት እባላለሁ። አባቴ ከበለሳ ወደዚህ ቆላ ሲወርድ ውሃ የት እንዳለ ያሳየው የሳጂድ አባት ነበር። አባቴ ይህን እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር፤ እኛ ልጆቹ ግን መሬቱን ሰሊጥ ዘርተንበት ውሃ ያሳዩንን ሰዎች ረሳናቸው። ሳጂድ አልረሳንም። ገበያ በወጣ ቁጥር እኔ ዘንድ ጎራ ይላል፣ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራ ደኅንነታቸውን ይጠይቃል።

ሥራዬ ባዶ ጀሪካን መሸጥ ነው። ከትልልቆቹ እርሻዎች የአረም መድኃኒት የመጣበትን ጀሪካን ሰብስቤ፣ በአመድና በሳሙና አጥቤ ቅዳሜ ገበያ አወጣለሁ። ላዩ ላይ የሰው የራስ ቅል ታትሞበታል፤ ቢፈገፍጉትም አይለቅም። እዚህ አገር ማን ግድ አለው? የድግሱ ጠላ የሚቀመጠው፣ ለሰሊጥ አጫጁ ውሃ የሚጫነው በእሱ ነው። እኔም ልጆቼን ያሳደግኋቸው በዚያው ጀሪካን እየቀዳሁ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ከወንዙ በላይ የሰሊጥ መፈልፈያ ፋብሪካ ተተከለ። ሰሊጡ ገለባውን የሚለቀው ኮስቲክ ሶዳ የሚባል ቆዳ የሚልጥ ኬሚካል የገባበት ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው፤ ያ ውሃ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ይደፋ ነበር። መጀመሪያ ነጭ አረፋ ታየ። ቀጥሎ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፤ የሴቶቹ እጅ ተላላጠ፣ የልጆቹ አፍ ቆሰለ። የሳጂድ ሰዎች ቀበሌ ሄዱ፣ ወረዳ ሄዱ፤ ነገ ተመለሱ ሲባሉ ክረምቱ ወጣ። የቀራቸው ተስፋ አንድ ነበር። ነገሩ በቴሌቪዥን ከተነገረ ፋብሪካው ውሃውን ወንዙ ውስጥ መድፋቱን ይተዋል፣ እነሱም አገራቸውን አይለቁም።

ሰርካለም የምትባል ጋዜጠኛ ከካሜራ ሠራተኛዋ ጋር ትመጣለች በተባለበት ዕለት ሳጂድ በማለዳ ደጄ ቆመ። እሱ ቤት የገባ ሰው ወሬ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ይጠጣል፤ አባቱም እንደዚያ ነበር። የወንዙን ውሃ ለእንግዳ ለመስጠት አፍሯል። ከጉድጓዳችሁ እንድቀዳ ጀሪካን አውሺኝ አለኝ፤ ለቤቴ ከማስቀምጣቸው አንዱን ሰጠሁት። ሃያ ሊትር ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ ሄደ። ካሜራው የቀረጸው ልክ ጎጆው ሲደርስ ነው፤ ጀሪካኑን በትከሻው እንደያዘ፣ የራስ ቅሉ ወደ ፊት ዞሮ።

ዜናውን ያየነው ኮኪት ሻይ ቤት ተሰብስበን ነው። አራት ደቂቃ አይሞላም። ሴቶቹ እጃቸውን አሳዩ፤ ሳጂድም ተናገረ፣ አሳምሮ ተናገረ። ከዚያ የፋብሪካው ሰው ቀረበና ረጋ ብሎ፣ "እኛ ምን አጠፋን? ውሃ የሚጠጡት በመርዝ ጀሪካን መሆኑን ራሳችሁ አይታችኋል" አለ። የራስ ቅሉን አቅርበው አሳዩት። ሻይ ቤቱ ሳቀ። የሳቀው ሁሉ ቤቱ ያው ጀሪካን ያለው ነው፤ አብዛኛው እንዲያውም ከእኔ የገዛ። እኔ አልሳቅሁም። አፌን ግን ዘጋሁ፤ ብናገር ገበያዬ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። በዚህ እስካሁን አፍራለሁ።

ወረዳው በዚያው ነገሩን ዘጋው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሳጂድን መሃል አስቀምጠው፣ ሁላችን በቅል ስንቀዳ አንተ ይህን ከየት አመጣኸው ብለው ጠየቁት። "የኔ ነው" አለ። ይህን የነገረችኝ እህቱ ኢሕሳን ናት፤ ጓዟን ተሸክማ በኮኪት ስታልፍ። ወንድሜ አዋረደን ብላ አለቀሰች። ከዚያ የመንደሩ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው አንድ በአንድ ወደ ቋራ ሄዱ። ሳጂድ ግን ጋዜጠኛዋ እመለሳለሁ ብላኛለች ብሎ ቀረ። ጀሪካኑን አጥቦ ደጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር፤ አልገባም፣ አልጠራኝም።

ባለፈው ወር ነገሩ እንቅልፍ ቢነሳኝ ለሰርካለም ደወልሁ፤ ሳጂድ ስልክ ስለሌለው ቁጥሯን የተወችው እኔ ዘንድ ነበር። ጀሪካኑ የኔ መሆኑን፣ ውሃውም ለእነሱ ክብር ከጉድጓድ የተቀዳ መሆኑን ነገርኋት። ያን ውሃ መጠጣቷን አስታወሰች። አለቃዬን ጠይቄ እንደገና እሠራዋለሁ፣ ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው መናገር አለባቸው አለችኝ።

"አሁን ስንት ናቸው?"

"አንድ" አልኋት። እስካሁን መልሳ አልደወለችም።

በማግስቱ ሄድሁ። ሳጂድ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ሲያየኝ ተነስቶ ገባና ለእንግዳ ያስቀመጠውን የጉድጓድ ውሃ በቅል አመጣልኝ። ከጠጣሁ በኋላ ሁሉንም ነገርሁት። ቅሉን ተቀበለኝና፣ "ያን ጊዜ ብትናገሪ እዚህ ሰው ነበር፤ አሁን ኸላስ፣ አለቀ" አለኝ።

ለምን ስሜን እንዳልጠራ ጠየቅሁት።

"ስምሽን ብጠራ ለእንግዳ የሚሆን ውሃ ከማን ቤት እቀዳ ነበር?"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያዬን ትቼ ከጉድጓዳችን ውሃ ቀድቼ እወስድለታለሁ። ይቀበለኝና እሱ ሳይቀምስ መጀመሪያ ለእኔ በቅሉ ይሞላልኛል፤ ሌላ የሚመጣ እንግዳ የለውም።