በመጽሐፍ የተደረሰ ለቅሶ

መጽሐፍ ስመክር የሚያምነኝ ሰው የለም። ጥፋቱ የራሴ ነው። አንዱን ልብ ወለድ "አንብቤው ሳለቅስ የቆቃ ግድብ ሞላ" ብዬ አውርቻለሁ፤ ሌላውን ደግሞ "ስጀምረው ፂም አልነበረኝም፣ ስጨርሰው ሸበትኩ" ብያለሁ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት እውነተኛ ምክር ይዤ ስመጣ፣ ሰዉ ገና ርዕሱን ሳልናገር መሳቅ ጀመረ።

መጽሐፉ ትርጉም ነው፤ እናንተም ካገኛችሁት አንብቡት። ሰው በቆዳው ቀለም በሚከፋፈልበት አገር አንድ ጥቁር አናጺና አንድ ነጭ በአንድ አጥር ተዋስነው ይኖራሉ። አንድ ቀን ጥቁር የሆነ ሁሉ ሰፈሩን እንዲለቅ ይታዘዛል። የአናጺው ዕቃ መኪና ላይ ሲጫን ነጩ ጎረቤቱ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ያያል እንጂ አይወጣም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው።

እኛ አዳማዎች ሁላችንንም ያጠቆረን አንድ ፀሐይ ስለሆነ፣ ለመለያየት ከእነሱ የበለጠ መልፋት ነበረብን። ለፋን።

ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ወዳጅ አለኝ። ሃያ ዓመት ምሳ አብረን በልተናል። እሱ በኦሮምኛ ይሰድበኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልስለታለሁ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ግን ስድብ የሚጥመው በአፍ መፍቻ ነው። ከዚያ "እኛ" እና "እነሱ" የሚል ወሬ ከተማውን የሞላበት ሰሞን መጣ። በዚያው ሰሞን እናቱ ታመሙ፤ ሞቱም። ድንኳኑ ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ ላይ ተተከለ። የእኔዎቹ "እዚያ ምን ወሰደው?"፣ የእሱዎቹ "እዚህ ምን አመጣው?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ወገቤን አሞኛል አልኩና በሬን ዘጋሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶውን በቆርቆሮ አጥር በኩል ሰማሁት።

ጎሚስታው አልተጣላኝም። የባሰውም ይኸው አለመጣላቱ ነው። "አካም" ይለኛል፣ "ደህና" እለዋለሁ፤ አለቀ። ምሳዬን ብቻዬን መብላት ጀመርኩ። ብቻውን የሚበላ ሰው ሽሮው ራሱ አፍጥጦ ያየዋል። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ጭር ያለ ነበር፤ አሁን ቀኑም እንደ ቤቴ ሆነ።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ የቀረ ሰው ዘግይቶም ይመጣል። ዓመት ቢያልፈው እንኳ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል። ይህን እያወቅሁ፣ እኔ ጀግናው ያንን የአናጺውን መጽሐፍ እንደ ተማሪ ደብተር በካኪ ወረቀት ሸፍኜ አስፋልቱን ተሻገርኩ።

"እንካ፣ ይሄን አንብብ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ መጽሐፍ..."

"ስንት ሰው ገደለ?" አለኝ፣ ጎማው ላይ እንዳቀረቀረ።

"ማን?"

"መጽሐፍህ ነዋ። ያለፈው ሦስት ሰው በሳቅ ሶደሬ ውኃ ውስጥ አስምጦ አልነበር?"

"ይሄኛው የምሬን ነው።"

ተቀበለኝ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሱቄ ገባና መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ካኪው ላይ ጥቁር የጣቱ አሻራ ታትሟል።

"መጋረጃው ጋ ስደርስ አቆምኩ። ነጩ ሰውዬ አንተ ነህ?"

"እኔ? ከእኔ እኮ ከሰል ይነጣል!" አልኩ። አመል ነው። አልሳቀም።

"ለቅሶ በመጽሐፍ ይደረሳል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ? እማዬ ታማ ተኝታ 'ያ ቀልደኛ የት ጠፋ?' ስትለኝ፣ 'ሥራ በዝቶበት ነው' አልኳት። ዋሽቼልሃለሁ።"

እጄ ደብተር ቁልል ላይ ነበር። ያልተዛነፈውን ቁልል አስተካከልኩ።

"ወገቤን አላመመኝም" አልኩት። "ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው የቀረሁት። እግዜር ያጥናህ።"

ምንም አልጨመርኩበትም። እሱም መጽሐፉን ከጠረጴዛው መልሶ አነሳ።

"ለእኔ ብቻ አይደለም" አለ። "እህቴ ቤት ናት። ለእሷም በላት።"

መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ሱቄን ገርበብ አድርጌ፣ ዐሥር እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቼ ተከተልኩት። ዞር ብሎ አላየኝም።