የዘይነባ ፍሪጅና እጀታው ላይ ያሰረችው ጨርቅ

ኧረ ዘይነባ ሞተች አትበሉኝ። ዛሬ ጠዋት እኮ ነው በአጥር ላይ «ተነሺ አንቺ አሮጊት፣ ፀሐይ ወጣብሽ» ብላ የሰደበችኝ። ከሰዓት ወንዶቹ ተሸክመዋት ወጡ። እኛ ሴቶቹ በር ላይ ቀረን።

የማታውቋት ካላችሁ፣ አሰበ ተፈሪ መናኸሪያው ጀርባ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት። የሂርና ሚኒባስ ሁሉ ያውቃታል።

ያ ፍሪጇ ይነዝር ነበር። እጀታው ላይ ጨርቅ አስራለታለች፤ በጨርቁ ይዘሽ ትከፍቺያለሽ፣ አለቀ። እኛ ሰፈር ፍሪጅ ሲነዝር ሠሪ አይጠራም፣ ጨርቅ ነው የሚታሰረው።

አንዴ አንድ ባጃጅ ነጂ ጨርቁን ስቶ ብረቱን ቢነካው ጠርሙሱን ለቀቀው።

«ዘይነባ፣ ፍሪጅሽ ይናከሳል እኮ።»

«ቁርጥማትህን ነቅሎልህ ነው፣ አመስግን» አለችው።

እሷን ሲነዝራት ደግሞ «ተዪው፣ ሰላም ሲለኝ ነው» ትላለች። ስንቴ ስቀናል።

ዛሬ ልጇ ሀናን ከመቻራ ትመጣለች ብላ ቤቱን ስታጥብ አረፈደች። ሲሚንቶውን አጠበች። ያቺንም ጨርቅ ቆሽሻለች ብላ ፈትታ በሳሙና አሸቻት። ሳትደርቅ መልሳ አሰረቻት። በባዶ እግሯ፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ከፈተችው። በዚያው ቀረች።

ለቅሶው ላይ «ቀኗ ደርሶ ነው» ይሉኛል። ቀኗን እኔ አላውቅም። መብራቱ ከቆጣሪው ከጠፋ በኋላ ጨርቋን የፈታኋት ግን እኔ ነኝ፤ ውሃ ጠብ አለኝ።

እናንተ ልጆች፣ ጨርቅ አያድንም። ፍሪጅ ይሁን ምጣድ ይሁን የስልክ ቻርጀር፣ ከነዘራችሁ ከቆጣሪው አጥፉና ሠሪ ጥሩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አትሳቁበት።

ማን ይሰማኛል ግን? ሀናን ደርሳ ፍሪጁን አቅፋ ስታለቅስ ነው ያመሸችው። መቻራ እወስደዋለሁ ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽን የበላ ነው» አልኳት።

«የሀርሜ፣ የእናቴ እጅ ያረፈበት ነው እማማ፣ አልተወውም» አለችኝ።

አጎቷ ደግሞ ከወዲያ «ጨርቁ ይቀየርለታል» አለ።

ዘይነባ እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ አንዴ ገልመጥ አድርገሽ ታስቀሪያት ነበር። እኔን አልሰማችኝም። ነገም እለምናታለሁ። እንቢ ብላ ጭና ከሄደች ግን ምን ብዬ ነው ፊትሽ የምቆመው?

ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ ጎረቤቴ። አላህ ይቀበልሽ። ልጅሽን ፍሪጁን ላስጥላት አልቻልኩም።